የአባዬ ጉድጓድና የእማዬ ማጣሪያ

ሐኪሙ ወጣት ነው። የእማዬን የምርመራ ውጤት አየና ቀና ብሎ፣ «የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?» ሲል ጠየቀ። እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። አባዬ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ፣ በመጨረሻ የሚያውቀው ጥያቄ እንደመጣለት ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ «ከራሳችን ጉድጓድ» አለ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እንግዲያው ታይፎይዱ እየተመላለሰ ያስቸገራቸው እሱ ነው» አለ።

ከሆስፒታሉ ወጥተን በባጃጅ ቤት ደረስን። አባዬ እማዬን ደግፎ አልጋዋ ላይ ካስተኛት በኋላ ወደ ጓሮ ሄደ። በመስኮት ሳየው የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ ይመለከታል። ሐኪሙ የሰደበው ጉድጓዱን ሳይሆን እናቱን ይመስል ነበር።

ያን ጉድጓድ የቆፈረው እኔ ሳልወለድ ነው። ከወንድሙ ጋር፣ በገመድ እየወረደ፣ ቋጥኙን በመዶሻ እየሰበረ። ያኔ ከቤታችን በላይ ያለው ዳገት ሁሉ እንሰትና ቡና ነበር፤ ጥላውም ቅዝቃዜውም ይወርድልን ነበር። ዲላ እየሰፋች ስትሄድ የቧንቧ ውሃ መጣ፣ መጣና ደግሞ ጠፋ፣ አሁን በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም የሚዘለልበት ጊዜ ይበዛል። ቧንቧው ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ እኛ ግቢ ይሰለፋል። አባዬ በሩን ዘግቶ አያውቅም። የውጭ በራችን መቀርቀሪያ እስኪዝግ ድረስ ሥራ ፈትቶ ኖሯል። «ቆፋሪ ነኝ እንጂ ውሃው የኔ አይደለም» ይላል፣ ግን ሰዎቹ ሲመርቁት ፊቱ ሲበራ ያየ ሰው ውሃው የማን እንደሆነ ያውቃል።

ፊት ለፊታችን ቆሎ እየሸጠች የምትኖር ሴት አለች። ጀሪካኗን ይዛ ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት። ትንሽ ልጇ ትኩሳት ይዟት ቆይቶ የሞተች ጊዜ፣ ለለቀስተኛው የሚሆነውን ውሃ አባዬ ራሱ እየቀዳ፣ በትከሻው እየተሸከመ አደረሰላት። ሴትዮዋ በዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ ሆና ተነሥታ ጉልበቱን ልትስም ስትል እንዴት እንደደነገጠ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ባየችው ቁጥር «ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ» ሳትል አታልፍም።

እንግዲህ የውሃ ማጣሪያ መምረጥ ማለት ለእኛ ቤት ይህ ሁሉ ነገር ነበር። ለሌላ ሰው ዕቃ መግዛት ነው። እኛ ግን ከእማዬ ሆድና ከአባዬ ስም አንዱን ምረጡ የተባልን ያህል ተጨነቅን።

አሁን ዳገቱ ላይ እንሰቱ የለም። ተቆርጦ በቦታው ለተማሪ የሚከራይ ክፍል ተደረደረ፤ በየግቢው መጸዳጃ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ዝናቡም እንደ ድሮው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የአባዬ ጉድጓድ ግን ያው እዚያው ታች ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፣ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል። ማንም ቀና ብሎ አላየም፣ ያየም ካለ አልተናገረም። ዕድሜ ልኩን ውሃ ያጠጣህን ሰው «ውሃህ ቆሻሻ ነው» ለማለት ምን ዓይነት አፍ ያስፈልጋል?

እኔ ያ አፍ አለኝ። ከመናኸሪያው አጠገብ ቤት ተከራይቼ ልብስ ስሸጥ ነው የኖርኩት፤ ምላሴ ከእኔ እየቀደመ ደንበኛ ያባረርኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ሰሞን ግን እማዬ እጄን ይዛ፣ «በሞቴ፣ በቀስታ» ስላለችኝ በቀስታ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ማፍላት ሞከርን። እማዬ ከሰል አያይዛ በትልቁ ድስት ታፈላለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ትገለብጣለች። ከሕመም የተነሣች ሴት ጭስ ላይ ጎንበስ ብላ ስትውል አንጀቴን በላችው። አባዬ ደግሞ የፈላውን ውሃ አንድ ጊዜ ቀመሰና «ይሄ ሞታለች» አለ። አባዬ አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው፤ በአማርኛ ሲያወራ ወንዴውና ሴቴው ይደበላለቅበታል። እማዬ ከሰሜን የመጡ የነጋዴዎች ልጅ ናት፣ ዲላ ተወልዳ ያደገች። ስትስቅበት ኖራ ስትስቅበት ኖራ በመጨረሻ እሷም እንደ እሱ መናገር ጀምራለች። «እውነትም ሞታለች» አለችና ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ጠብታውን አመጣሁ፣ ጀሪካን ውስጥ የሚጨመረውን ክሎሪን። አባዬ ኩባያውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና መልሶ አስቀመጠው። «ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» አለ። ጠርሙሱ ከዚያ ቀን በኋላ ጓዳ ገባ፤ በኋላ ሳገኘው ልብስ ማንጫ ሆኗል።

ሐዋሳ ያለው ወንድሜ በስልኩ ፊልም ላከልኝ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ውስጡ ሰማያዊ መብራት ያለው ማሽን ነው፤ አንዲት ያማረች ሴት ከሥሩ ብርጭቆ ደቅና ፈገግ ትላለች። «ይሄን ነው የምንገዛላት» አለኝ። ደሜ ፈላ። «መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ረስተኸዋል? ወይስ አንተ ከሄድክ በኋላ ዲላ ሐዋሳ ሆነች?» አልኩት። ሁለት ቀን ተኳረፍን።

በመጨረሻ የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለምኜ አመጣኋት። ጓሮ ገባች፣ ጉድጓዱን አየች፣ ከዚያ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ወደ ዳገቱ አነሣች። አባዬ አጠገቧ ቆሞ ዓይኗን ዓይኗን ያያል። «ጋሼ፣ ጉድጓድዎ ጥሩ ነው» አለችው። «ለእትዬ ሆድ ብቻ ነው፤ ሆዳቸው ስለተጎዳ።» አባዬ ተነፈሰ። እኔን ግን በር ላይ ስሸኛት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የሚሻለው መዝጋት ነበር» አለችኝ። ለምን ፊት ለፊት እንዳልነገረችው ስጠይቃት፣ እሷም ከዚህ ጉድጓድ ጠጥታ እንዳደገች ነገረችኝ።

ያስረዳችኝ ይህን ነበር። የአሸዋው ማጣሪያ ጥሩ ነው፣ ግን በሲሚንቶ የሚሠራ ከባድ ዕቃ ነው፣ ቦታ ይፈልጋል፣ ውሃ ሳይቋረጥ በየቀኑ ሊጨመርበት ይገባል። ለሁለት ሽማግሌዎች የሚቀለው የሸክላው ነው። አንዱ ባልዲ በአንዱ ላይ ይቀመጣል፣ ከላይኛው ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃውን እያጣራ ጠብ ጠብ ያደርገዋል፣ ከታችኛው በቧንቧ ይቀዳል። ሸክላውን በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፣ ስንጥቅ እንዳይኖረው ማየት፣ ያልተጣራ ውሃ ታችኛው ባልዲ ውስጥ አለመጨመር። «ከሁሉም በላይ» አለችኝ፣ «ከእሱ ሌላ አንድ ጉንጭም እንዳይጠጡ።»

ገዛሁት። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆምኩት። እማዬ በማግስቱ ዳንቴል አልብሳው፣ ከላይ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣበት አገኘኋት። ዳንቴሉ ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ጀሪካን የያዘ ሰው ወደ ቤት ሊገባ ሲል ተነሥታ ወደ ታች ስትጎትተው፣ ቧንቧዋን ስትሸፍናት ሳይ ነው የገባኝ። የጉድጓዱ ባለቤት ቤት ውስጥ ማጣሪያ አለ እንዳይባል ነው።

አባዬ ማጣሪያውን እንደ ተኳረፈው ሰው ነበር የሚያልፈው። አንድ ቀን ብቻ፣ ማንም ሳይኖር፣ «ሰዎች ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«እማዬ ሆዷን ያማታል እላለሁ።»

«እንደሱ በይ» አለ።

እማዬ ጥቂት ሰንብታ ተሻላት። ፊቷ ተመለሰ፣ ገበያ ወጣች፣ ከእኔ ጋር በጨርቅ ዋጋ ተከራከረች። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ትኩሳቱ ተመለሰ። ምርመራው ያው ሆነ።

ያኔ እብድ ሆንኩ። ሸክላው ተሰንጥቋል ብዬ ማጣሪያውን ፈታሁት፣ በፀሐይ እያገላበጥኩ አየሁት፣ ምንም የለውም። የሸጠልኝን ሰው ሱቁ ድረስ ሄጄ ጮኽኩበት። ብርጭቆና ሰሃኑን በሙሉ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ ሰላጣ ከቤቱ ከለከልኩ፣ ዕቃ የሚያጥብላቸውን ሰው እጅ እስከ ጥፍሩ ድረስ አየሁ። እማዬ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ስሯሯጥ ታየኛለች። ያዘነችልኝ ይመስል ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

የገባኝ አንድ እሁድ ነው። ቤተ ክርስቲያን አብረን እንድንሄድ ብዬ ገና ሳይነጋጋ ደረስኩ። ዝናቡ አባርቷል፣ ጓሯችን ከቀሩት እንሰትና ቡና ቅጠል ውሃ ይንጠባጠባል። አባዬ ጓሮ ነው። ባልዲውን በገመድ ቀስ አድርጎ፣ ግድግዳውን ሳያስነካ ወደ ጉድጓዱ አወረደ። አወጣው። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነችውን የቆርቆሮ ኩባያ ሞላ፣ አንድ ጉንጭ ራሱ ጠጣላትና በሁለት እጁ ይዞ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከተጋቡ ጀምሮ አባዬ ማለዳ ማንም ሳይቀዳ ቀድቶ፣ ቀምሶ፣ እማዬ ከአልጋ ሳትወርድ በባዶ ሆዷ ያጠጣታል። እሷም «ተባረክ» ትለዋለች። እንደ ዶሮ ጩኸት ነው፣ በቤታችን ሁልጊዜ ያለ ነገር ነው፣ ማንም ውሃ መጠጣት ነው ብሎ አስቦት አያውቅም። ሐኪሙ ስለ ውሃ ሲያወራ፣ የጤና ሠራተኛዋ አንድ ጉንጭ እንዳይጠጡ ስትል፣ አባዬን ጨምሮ ማናችንም ያቺን ኩባያ አላሰብናትም።

ተከትዬው ገባሁ። እማዬ ኩባያውን ወደ አፏ አስጠግታለች። ከእጇ ነጠቅኩት፤ ግማሹ አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ አባዬ።

«ምን እያጠጣሃት ነው?»

«የማለዳ ውሃ ነው እኮ!» በእውነት ነው የገረመው። «ማንም አልነካትም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ያደረች ውሃ ናት፤ ቆሻሻው ሁሉ ታች ወርዷል። ከዚያ ከፕላስቲኩ ይሄ ይሻላል። እኔም ጠጣሁ፣ ይኸው፤ ምን ሆንኩ?»

ለካ መድኃኒት እየሰጣት ነበር። ሰው ሁሉ በባልዲ ሳያናውጠው፣ የቀኑን የመጀመሪያውን፣ የተሻለውን ለእሷ። ወደ እማዬ ዞርኩ። «አንቺስ? አንቺ ታውቂያለሽ አይደል? ሐኪሙ ሲናገር ሰምተሻል!»

«ዝም በይ» አለችኝ። አባዬን አላየችውም። «ዕድሜዬን ሙሉ ከእጁ ጠጥቼ ዛሬ ልመልስበት? አንድ ኩባያ ናት።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «አንቺ ማጣሪያ ገዛሽልኝ። እሱ ምን ይስጠኝ?»

ስሸነፍ መጮህ ነው የማውቀው። «አባዬ፣ እየገደልካት ነው!» አልኩ። ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል። ዛሬም ያን ቀን ብመለስ እለዋለሁ፤ መባል ነበረበት፤ ቀድሞም መባል ነበረበት።

አባዬ ኩባያውን ከእጄ ወሰደ። የቀረውን ውሃ ወጥቶ ቡናው ሥር ደፋው። ሲመለስ ሽማግሌ ሆኖ ተመለሰ።

በማግስቱ እማዬ ስልክ ደወለችልኝ። አባዬ ማለዳ ተነሥቶ፣ ኩባያዋን ይዞ ማጣሪያው ጋ ሄዶ፣ ቧንቧዋን መክፈት አቅቶት ሲታገል ቆይቶ፣ ቀድቶ እንዳመጣላት ነገረችኝ። «ግማሹን ደፋብኝ» አለች። ትስቅ ነበር። «ቀምሶ ነው የሰጠሽ?» ስላት፣ «ቀምሶ እንጂ» አለች። ያን ዕለት ሱቅ ውስጥ ለብቻዬ አለቀስኩ፤ ከመጥፎ ነገር ያመለጥን መስሎኝ ነበር።

አላመለጥንም። በዚያው ሳምንት ትኩሳቷ ጨመረ፣ ሆዷ እንደ ጣውላ ደረቀ፣ ሲነኳት ትጮኻለች። ሆስፒታል አስገባናት። ሐኪሞቹ አንጀቷ እንደተበሳ ነገሩን፤ ታይፎይድ ሲቆይ እንዲህ ያደርጋል አሉ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት።

ከዚያ በኋላ በአፏ ምንም እንዳይገባ ተከለከለ። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። አባዬ ከአልጋዋ አጠገብ ካለው ወንበር አልነሣም ብሎ ግግም አለ። ማለዳ ማለዳ ነው የሚብስባት፤ ዓይኗን ገልጣ ትፈልገዋለች። «ውሃዬስ?» ትለዋለች። አንድ ቀን፣ «የቤታችንን አምጣልኝ፣ የማለዳዋን» ብላ ለመነችው። እሷ ጠይቃው እምቢ ሲላት ያኔ የመጀመሪያው ነው። የታሸገ ውሃ በጥጥ ነክሮ ከንፈሯን ያብስላት ነበር። ጥጡን ልትመጥ ስትል ከአፏ ይወስደዋል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ወንድሜ ሊያየው አልቻለም፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ሁሉንም አየሁ።

እማዬ ቤቷ አልተመለሰችም።

ከቀብር ስንመለስ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል፣ ድስቱ ተጥዷል። የሰፈሩ ሴቶች እንደ ወጋችን ሥራውን ተከፋፍለዋል፤ ውሃ መቅዳት የደረሳቸው ባልዲ ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱ። ሌላ ወዴት ይሄዳሉ? አባዬ ፍራሽ ላይ ከሽማግሌዎች መካከል ተቀምጧል። ሐዘንተኛ አይነሣም፣ ሥራ አይነካም። የባልዲው መያዣ ሲንኳኳ ሰማና ተነሣ። የያዘውን ሰው እጅ አስለቅቆ፣ በካልሲው ጭቃው ላይ እየረገጠ፣ ሄዶ ጉድጓዱ ክዳን ላይ ተቀመጠ።

«ማንም አይቀዳም» አለ። ሴቶቹ ሐዘኑ መስሏቸው «አይዞህ ጋሼ፣ አይዞህ» እያሉ ሊያነሡት ሞከሩ። «ይቺ ጉድጓድ ባለቤቴን ገደለ» አለ ጮክ ብሎ። «ውሃው ታሟል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይጠጣም።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። አንዷ አጠገቤ፣ «ሐዘን ልቡን ነክቶት ነው» ብላ ሹክ አለች። ለለቀስተኛው የሚሆነው ውሃ ያን ቀን ከሩቅ ሰፈር በጋሪ መጣ። እንግዶቹ ከማጣሪያው እየተቀዳላቸው ጠጡ። ዳንቴሉን ያነሣው አባዬ ራሱ ነው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ወንድሜ ወደ ሐዋሳ ከመመለሱ በፊት አባዬን መከረው። «ለምን ደረቀ አትላቸውም? ማን ይጠይቅሃል? ስምህም አይጠፋ።» አባዬ ግን፣ «አልደረቀም እኮ» አለ። ክዳኑ ላይ ቁልፍ አደረገበት። ከዚያ ጀምሮ ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ጉድጓዱ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ጀሪካን ይዞ ለመጣ ሁሉ በለቅሶው ዕለት ያለውን ያንኑ ይነግራል፤ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። የሰሙት ይሄዳሉ። አንዳንዱ ስስት ያዘው ብሎ በር ላይ ያጉረመርማል። አንዳንዱ ጀሪካኑን አስቀምጦ ይቆምና የራሱን ቤት በሽታ ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታያል። ይኸኛው ለእኔ ይከብደኛል።

ቆሎ ሻጯ ግን አልመጣችም ነበር። ከቀብሩ በኋላ አላየኋትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ጓሮውን በሚያሳየው በረንዳ ላይ የእማዬን ልብስ እየለየሁ ሳለ ገባች። ጀሪካን አልያዘችም። እኛ ግቢ ያለ ጀሪካን ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ቀጥ ብላ ወደ ጓሮ ሄዳ አባዬ ፊት ቆመች።

«ልጄ፣ አይቀዳም» አላት አባዬ። «ይቺ ጉድጓድ...»

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ልቀዳ አይደለም የመጣሁት።» ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። ከዚያ፣ «የኔስ ልጅ?» አለችው።

እግዚአብሔር ወሰዳት በላት ብዬ አባዬን በልቤ ለመንኩት። አላውቅም በላት፤ ይህም እኮ ውሸት አይደለም፣ ማን መረመራት? ያን ቢላት ተቀብላ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር፤ ምናልባት የመጣችውም እሱን ልትሰማ ነው።

አባዬ ከበርጩማው ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እሷም ከዚህ ነው የጠጣች» አለ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ቁልፉን አየችው፣ ዞራ ወደ በሩ ሄደች። መቀርቀሪያው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ፊቷን ግን አላዞረችም።

«ለለቅሶዋ ያመጡልኝም ከዚሁ ነበር» አለች።

«አዎ ልጄ» አለ አባዬ። «ከዚሁ ነበር።»